ወጥ ቤቷና ሼፉ

በአዲስ አበባ ከተማ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የተገነባውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በቅርብም ሆነ በሩቅ ያላየ የመዲናችን ነዋሪ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚዘልቅ በመሆኑ ከብዙ ሠፈሮች አንገቱን ብቅ አድርጎ ይታያል። በዚሁ ሕንፃ በ47ኛው ፎቅ ላይ፣ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ በዕድገቱ ስዊድናዊ የሆነውና በአሜሪካ ታላቅ ዝናን ያተረፈው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2023 «ማርከስ አዲስ» የተሰኘ ዘመናዊ ምግብ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በቢሮም፣ በታክሲም፣ በለቅሶ ቤትም ጭምር ሲወራለት ሰምቻለሁ። አንዱ ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ምን ይመስል እንደሆነ ያወራል፤ ሌላዋ ዋጋውን ትጠይቃለች።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ምግቡ ጣዕምም ሆነ ስለ ዋጋው የምነግራችሁ የለኝም። ወደዚያ ፎቅ አልወጣሁም፤ የጋዜጠኛ ደመወዝም እንደ ልብ የሚያስወጣ አይደለም። ነገሩን ለዐምዳችን ያነሣሁት የዚህ ሰው ዝና ከ47ኛው ፎቅ ወርዶ እኛ ቤት በመግባቱና ክርክር በማስነሣቱ ነው። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን አጠናቅቃ «ምን ልትማሪ አሰብሽ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ሳታመነታ «የምግብ ዝግጅት፤ ሼፍ ነው መሆን የምፈልገው» አለች። ወንድሜ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛሁልሽ ወጥ ቤት እንድትሆኚ ነው?» አላት። ልጅቷም ቀና ብላ «ወጥ ቤት አላልኩም አባዬ፤ ሼፍ ነው ያልኩት» ብላ መለሰችለት። አባትና ልጅ ለሳምንታት የተከራከሩት በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

በመሠረቱ ሁለቱ ቃላት የሚያመለክቱት አንድ ሥራ ነው። «ሼፍ» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «አለቃ» ማለት ነው። የእኛው «ወጥ ቤት» ግን ክፍሉንም ሠራተኛዋንም በአንድ ስም ይጠራል። ሴትዮዋና ጭሱ የሚጨስበት ጓዳ አንድ ሆነው ቀርተዋል ማለት ነው። ሐኪሙን «ሆስፒታል»፣ መምህሩን «ትምህርት ቤት» ብሎ የሚጠራ ሰው ግን አላየሁም። ሌላም አለ። «ባለሙያ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አንድ ወንድ ባለሙያ ነው ከተባለ፣ አናጢ ነው ወይስ መካኒክ፣ መሐንዲስ ነው ወይስ የሒሳብ ሰው ብለን እንጠይቃለን። አንዲት ሴት ባለሙያ ናት ከተባለች ግን ጥያቄ የለም፤ ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይን አለው፣ ጠላዋ ይወደዳል ማለት ነው። ወንዱ በሙያው ደመወዝ ይቆረጥለታል። የሴቷ ሙያ ግን ምስጋና እንጂ ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናውም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚገኝ ነው።

ወደ ማርከስ ልመለስ። ይህ ሰው በልጅነቱ ካሳሁን ይባል ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ እናቱ፣ እርሱና እህቱ በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ተይዘው ሳለ፣ እናት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ከገጠር አዲስ አበባ ድረስ መጣች። ልጆቹ ዳኑ፤ እናት ሞተች። ከዚያም አንድ ስዊድናዊ ቤተሰብ ሁለቱንም በጉዲፈቻ ወስዶ በጎተንበርግ ከተማ አሳደጋቸው። የማብሰልን ፍቅር ያሳደረችበት ሄልጋ የምትባለው ስዊድናዊት አያቱ እንደሆነች በየአጋጣሚው ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን ከአያቱም በፊት የሚያነሣት የወለደችውን እናቱን ነው። የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ አያውቅም። መልኳን ባያውቀውም፣ የአገሯን በርበሬ በማሽተትና በመዳሰስ ወደ እርሷ ለመቅረብ እንደሚሞክር ይገልጻል። ይህን ሳነብ ጥቂት ቆሜ አስቤአለሁ። ዓለም የሚያውቀው የወጥ ቤት አለቃ፣ የሙያው ሥር የተተከለው በአንዲት ስዊድናዊት አያትና ፎቶግራፍ እንኳን ባልነበራት አንዲት የኢትዮጵያ ገጠር ሴት ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ጋዜጦች ብዙ ጽፈውበታል። በኒው ዮርክ ከተማ «አኳቪት» በተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ለምግብ ቤቱ ሦስት ኮከብ ሰጠ፤ ማርከስ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለማንሞሃን ሲንግ ያደረጉትን የእራት ግብዣ ያዘጋጀው እርሱ ነው። በ2010 በሐርለም «ሬድ ሩስተር»ን ከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 በዚያው በኒው ዮርክ «መርካቶ 55» የሚል የአፍሪካ ምግብ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ይኸኛው ዕድሜው አጭር ሆኖ ተዘጋ። ታዋቂነት ብቻውን ምግብ ቤትን አያቆምም፤ ለዚህ ሥራ የሚቋምጡ ወጣቶች ይህንንም ቢያውቁት መልካም ነው።

የወንድሜን ልጅ ልብ የሰረቀው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ማርከስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በኒው ዮርክ ማንሃታን «ሐቭ ኤንድ ማር» የተባለ ሌላ ምግብ ቤት ከፈተ። «ሐቭ» በስዊድንኛ ባሕር ማለት ሲሆን፣ «ማር» የእኛው የንብ ማር ነው። ምግብ ቤቱ ሲከፈት የወጥ ቤቱን ኃላፊነት የተረከበችው ፋርያል አብዱላሂ የምትባል ኢትዮጵያዊት ናት። በአሜሪካ የምግብ ሙያን የተማረች፣ በኮፐንሃገን ከተማ በሚገኘው በዓለም በታወቀው «ኖማ» ምግብ ቤት ደግሞ ልምድ የቀሰመች ናት። የወንድሜ ልጅ የዚህችን ሴት ነጭ ኮት ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ በስልኳ ይዛ ትዞራለች። ለአባቷ ስታሳየው ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተና «ይቺ አሜሪካ ናት» ብሎ ስልኩን መለሰላት።

ወንድሜን ለመውቀስ አልቸኩልም። ከጀርባው አንድ የቤተሰባችን ታሪክ አለ፤ ታሪኩም የአክስታችን ነው። አክስቴ ዛሬ ዕድሜአቸው ሰባ ደርሷል። በሠፈራችን ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ። ስልሳ ዶሮ ይምጣ መቶ፣ ብልቱን አንድ በአንድ አስወጥተው፣ በሎሚና በጨው አሳጥበው፣ ሽንኩርቱን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያቁላሉታል። ከሥራቸው የሚሰለፉትን ሴቶች «አንቺ ቁሌቱን አማስዪ፣ አንቺ እሳቱን ቀንሺ፣ አንቺ እንቁላሉን ላጪ» እያሉ ሲያዙ ያየ ሰው፣ አለቃ የሚለው ቃል ለማን እንደተፈጠረ አይጠፋውም። ደጋሾቹ ከሠርጉ ማግሥት እጃቸው ላይ የሚያኖሩት ብር ግን ለድንኳን አከራዩ ከሚከፈለው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አንዳንዴም አንድ ቀሚስና «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነበር።

በኋላ በአንድ ትልቅ ሆቴል ተቀጠሩና አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ሆቴሉ ሁለት ማብሰያ ነበረው። አንደኛው ከመመገቢያው አዳራሽ ጋር የተያያዘ፣ ግድግዳው ነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ የፈረንጅ ምግብ የሚዘጋጅበት ሲሆን፣ ነጭ ረጅም ቆብ ያደረጉ ወንዶች ይሠሩበት ነበር። ሁለተኛው «የሀበሻ ወጥ ቤት» ይባላል፤ ከግቢው ኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ጣሪያው በጭስ የጠቆረ ነው። አክስቴ የሠሩት በዚህኛው ነው። ኮትም ቆብም አልተሰጣቸውም፤ ሽርጡን ከቤታቸው ነበር የሚያመጡት። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ዶሮ ወጡን በልተው እጅግ ተደሰቱና የሠራውን ሰው ለማመስገን ጠየቁ። ከነጩ ማብሰያ ባለ ቆቡ ሼፍ ወጥቶ እጅ ነሣ፣ ፎቶግራፍም ተነሣ። አክስቴ ይህን የሰሙት ሰሐን ከሚያመላልሰው አስተናጋጅ ነው። እኔና ወንድሜ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ሲያወሩት ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ሲያወሩትም አይመረሩም፣ እንዲያውም ይስቃሉ። ወንድሜ ግን በዚያ ሳቅ ስቆ አያውቅም። ለልጁ የፈራላት ያንን የኋላ ጓዳ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የተከፈተው በሴት ነው። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. አቋቁመዋል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ የተደረገውን ታላቅ ግብር ያዘጋጁት እርሳቸው ሲሆኑ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ድግስ ለብሔራዊ ምግባችን መሠረት ከጣሉት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ለዚያ ድግስ ጤፉን የፈጩት፣ በርበሬውን የደለዙት፣ ጠጁን የጣሉት ሴቶች ስንት እንደነበሩና ማን ማን እንደሚባሉ ማን ያውቃል? ከስም ዝርዝሩ የተረፈው የባለቤቲቱ ስም ብቻ ነው። ታዲያ ዛሬም አንድ ታላቅ ምግብ ቤት ሲከፈት በበሩ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ይህም የሥራው ጠባይ ነውና አይገርመኝም። ነገር ግን ከበሩ በስተጀርባ እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ቁሌቱን የሚያማስሉት እነማን እንደሆኑ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ነገ የወጥ ቤት ኃላፊ ለመሆን የሚያስችል ትምህርት ያገኙ እንደሆነ መጠየቅ ለእኛ ለሴቶች ተገቢ ይመስለኛል። ይህን ጥያቄ ለ47ኛው ፎቅ ብቻ አላቀርብም። በየሠፈሩ «ባህላዊ ምግብ አዳራሽ» እያሉ ለሚከፍቱት ሁሉ ነው።

የወጥ ቤት ሴት ስም በበሩ ላይ የተጻፈበት ጊዜም አለ። በዋሽንግተን ከተማ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፈት «ማማ ደስታ» ተብሎ ተሰየመ፤ ስሙ የተወሰደው ወጡን ይሠሩ ከነበሩት ከወይዘሮ ደስታ ባይሩ ነው። በሎስ አንጀለስም ወይዘሮ ገነት አጎናፍር በ2000 በስማቸው የከፈቱት ምግብ ቤት በዶሮ ወጡ ስመ ጥር ሆኗል። እነዚህ ሴቶች ረጅም ቆብ አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ስማቸው ግን በሰሌዳው ላይ ነበር። በስደት አገር የእናት ወጥ ሲናፈቅ የሠሪዋ ስም ዋጋ ያወጣል። አገር ቤት ሁሉም ሰው እናት ስላለው ይሆን ስሟ የሚረሳው?

ለወንድሜ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። እርሱ ግን ሌላም የሚያነሣው ነገር ነበረው፤ ይህኛው ደግሞ እውነትነት አለው። የምግብ ቤት ሥራ የማታ ሥራ ነው። ሰው ሥራውን ጨርሶ ለመዝናናት ሲወጣ ወጥ ቤቱ ሥራውን ይጀምራል፤ የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሰዓት አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ታክሲ ፍለጋ መንገድ ላይ መቆም አለባት። ቀኑን ሙሉ በእግር መቆም፣ እሳቱ፣ ቢላዋው፣ የኃላፊው ጩኸት አለ። በሠለጠነውም ዓለም ቢሆን የትልልቅ ምግብ ቤቶች ማብሰያ ለብዙ ዘመን የወንዶች ሠፈር ሆኖ የኖረው ሴት ማብሰል ስለማትችል አይደለም። ቤት ውስጥ ልጅና ባል የሚጠብቋት ሴት እኩለ ሌሊት ድረስ ልትቆይ ስለማትችል ነው። ቀጣሪዎች ለማታ ሠራተኞቻቸው ማመላለሻ መኪና ቢያዘጋጁ አንድ ነገር ነው። ወንድሞችና ባሎችም ማታ በር ከፍተው እራት አሙቀው ቢጠብቁ ሌላ ነገር ነው። ይህን ስለው ወንድሜ ሳቀብኝ፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

ነገሩን የቋጩት አክስቴ ናቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ ሳለ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ወንድሜ አክስቴ እንደሚደግፉት እርግጠኛ ሆኖ «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት፤ ያ ጓዳ ምን እንዳደረገዎት ይንገሯት» አላቸው። አክስቴ ሲኒአቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «እኔን የጎዳኝ ወጡ መሰለህ?» አሉት። «ወጡማ ልጆቼን አሳድጎልኛል። እኔን የጎዳኝ ሒሳቡን አለማወቄ ነው። አንድ ሰሐን ዶሮ ወጥ በስንት ብር እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር። ለኔ የሚነግረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ያወቅሁት የወጣሁ ለት ነው፤ ከእኔ የቀን አበል አንድ ሰሐኑ ይበልጥ ነበር።» ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞር ብለው «ወጡን እኔ አስተምርሻለሁ። አንቺ እዚያ ሄደሽ ሒሳቡን ተማሪ። የሽንኩርት ዋጋ ሲጨምር ሰሐኑ ስንት መሆን እንዳለበት የምታውቅ ሴት ከጓዳ ኋላ አያስቀምጧትም» አሏት።

ይህ ንግግር ትክክል መሆኑን የሙያው ትምህርት ራሱ ያረጋግጣል። የወጥ ቤት አለቃ የሚባለው ሰው ሥራው በምጣዱ አጠገብ መቆም ብቻ አይደለም። የምግብ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ከአቅራቢዎች ጋር ይደራደራል፣ የእያንዳንዱን ሰሐን ወጪ ያሰላል፣ የሚጣለውን ትርፍራፊ ይቆጣጠራል፣ ንጽሕናን ያስጠብቃል፣ ሠራተኞችን ያሠለጥናል። በመጨረሻም ሰሐኑ ከማብሰያው ከመውጣቱ በፊት ይቀምሳል፣ ያያል፣ ያልጣመውን ይመልሳል። ከእነዚህ መካከል የእኛ እናቶች በጓዳቸው የማይሠሩት የቱ ነው? የማይሠሩት ነገር ቢኖር መጻፍ ነው። በእፍኝ፣ በጭልፋ፣ በጣት ጫፍ የለኩትን በወረቀት ስላላሰፈሩት ዋጋ ሊጠይቁበት አልቻሉም።

ባለፈው ቅዳሜ በአክስቴ ቤት ተገኝቼ ነበር። የወንድሜ ልጅ ከጎረቤት ሚዛን ተውሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ፣ አክስቴ ዶሮ ሲሠሩ ከጎናቸው ቆማለች። ለአንዲት ዶሮ የተከተፈው ሽንኩርት ሲመዘን ከሁለት ኪሎ ጥቂት አለፈ። ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ገብቶ ውኃው እስኪመጥና መልኩ እስኪቀላ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ልጅቷ ሰዓቱን ጻፈች። አክስቴ በርበሬውን በእጃቸው ዘግነው ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዘችና «እማማ፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። አክስቴ ተናደዱ። «እጄ ሚዛን አይደለም እንዴ? ይኸው ሃምሳ ዓመት!» አሉ። ቢሆንም በሚዛኑ ላይ አራገፉት። ልጅቷ እንደገና እንዲዘግኑ ጠየቀቻቸው፤ ዘገኑ። ሦስት ጊዜ ተመዘነ፤ ከአንዱ እፍኝ እስከ ሌላው የነበረው ልዩነት አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። አክስቴ «አላልኩሽም?» የሚል ፊት አሳዩን።

ቅቤው ከገባ በኋላ በመከለሻው ላይ ተጣሉ። ልጅቷ ኮረሪማው እንዲለካ ትፈልጋለች፤ አክስቴ ደግሞ ኮረሪማ በዕለቱ ሽታ እንጂ በግራም አይገባም ብለው አሻፈረኝ አሉ። በደብተሩ ላይ በዚያ ቦታ እስካሁን ባዶ መስመር አለ። ወንድሜ ወደ ማታ ሊወስዳት መጣና ወጡ ቀርቦለት ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ደብተሩን አንሥቶ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይኼ ሰሐን ታዲያ ስንት ወጣ?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ የዶሮውን፣ የሽንኩርቱን፣ የቅቤውንና የከሰሉን ዋጋ ደምራ ነገረችው። አክስቴ ከጓዳ ሆነው «የእኔን ድካም የት ጻፍሽው?» ብለው ጮኹ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ ስንት ብላ እንደምትጽፍ እያሰበች ወደ እኔ አየች።